በር ላይ የተሰቀለው ስም ምግብ አያበስልም

(በሲያትል፣ በማኅበረሰባችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ? የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተገኛችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ስብሰባውን ላዘጋጁልን፣ ሻይና ዳቦውን ላቀረቡልን እናቶቻችን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ ወጥ ቤት ነው። ዕቃ አጥቤአለሁ፣ ድንች ጠብሼአለሁ፣ ግሪል ላይ ቆሜአለሁ፣ የሺፍት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ የሚገቡ ሠራተኞችን ስለ ምግብ ንጽሕና አሠለጥናለሁ።

እስቲ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው ሳምንት ለልጁ በርገር ወይም የተጠበሰ ዶሮ የገዛ እጁን ያውጣ። … አያችሁ? አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል። እኔም አለሁበት። ሁለት ሺፍት ሠርቶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ደክሞት መኪና ውስጥ ሆኖ ምግብ በሚገዛበት ድራይቭ ስሩ ላይ የተሰለፈን ወላጅ ልወቅስ አልመጣሁም። ማንም እንዲህ ያለውን ሰው ሊወቅስ አይገባም።

የመጣሁት ስለ አንድ አባባል ልነጋገር ነው። ሁሌ እሰማዋለሁ። «ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ምን ይሆናል? አሜሪካ ነው፣ ቁጥጥር አለ» ይባላል። እውነት አለው፤ ቁጥጥር አለ። ግን ወገኖቼ፣ በር ላይ የተሰቀለው ስም ምግብ አያበስልም። ምግቡን የሚያበስለው በዚያ ሰዓት ግሪሉ ላይ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ ወንድም፣ የእኛ እህት ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ስሙ፣ ቀጥሎ ስለ እጁ፣ መጨረሻ ላይ እኛ ገበታ ላይ ስንቀመጥ ስለምናደርገው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ ልጀምር።

ከእናንተ መካከል በ1993 እዚህ ከተማ የነበራችሁ አላችሁ? … እማማ፣ እርስዎ ነበሩ? እንግዲያው ያስታውሱታል። በዚያ ዓመት ጥር ወር ላይ እዚሁ ሲያትል በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች በድንገት በዙ። አንድ ሁለት ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ሐኪሞቹ ግን ነገሩ ስላላማራቸው ለስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት አሳወቁ። መርማሪዎች የልጆቹን ወላጆች «ምን በሉ? የት በሉ?» እያሉ ሲጠይቁ መልሱ ወደ አንድ ቦታ አመራ። ጃክ ኢን ዘ ቦክስ ወደሚባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ የበርገር ቤት ማለት ነው።

በአራት ስቴቶች ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ። አብዛኞቹ የእኛው የዋሽንግተን ስቴት ነዋሪዎች ነበሩ። አራት ሕፃናት ሞቱ። አራት! ከእነሱ አንዱ በርገሩን በአፉ አልነካውም። ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ከታመመ ሌላ ልጅ ነው የተላለፈበት። እስቲ ይህን አስቡት።

ምን ነበር ስህተቱ? ሥጋው ውስጥ ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባል ባክቴሪያ ነበረበት። ይህ ባክቴሪያ ከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ከብቱን ግን አያሳምመውም። ሲታረድና ሲገፈፍ ሥጋው ላይ ይነካካል። ሙሉ ሥጋ ከሆነ ባክቴሪያው የሚቀመጠው ላዩ ላይ ስለሆነ እሳት ሲያገኘው ይሞታል። ሥጋው ከተፈጨ ግን ላይ የነበረው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በርገር መሃሉ ድረስ መብሰል አለበት። የዋሽንግተን ስቴት ደንብ በዚያን ጊዜ የበርገር መሃል 155 ዲግሪ ፋራናይት እንዲደርስ ያዝዝ ነበር። የፌደራሉ መመሪያ ደግሞ 140 ነበር። ኩባንያው በ140 ነበር የሚጠብሰው። የ15 ዲግሪ ልዩነት ነው። በሰዓት ብትቆጥሩት እዚህ ግባ የማይባል ጊዜ ነው፤ ግሪሉ ላይ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ይሆኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፣ ይህን መካድ አይገባም። ከዚያ በፊት የሥጋ ኢንስፔክተር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ፣ አሽትቶ ነበር የሚያሳልፈው። ባክቴሪያ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። በ1994 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይህ ባክቴሪያ ያለበት የተፈጨ ሥጋ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ወሰነ። ዛሬ ትልልቆቹ ቤቶች ግሪላቸው በሰዓት የሚሠራ ነው፣ ቴርሞሜትር አላቸው፣ የሙቀቱን ልክ በየሰዓቱ የሚመዘግቡበት ቅጽ አላቸው። ሠርቼበታለሁና እመሰክራለሁ፤ አንዳንዱ የትልቅ ኩባንያ ወጥ ቤት ስንቱ ሰው ከሚመካበት ትንሽ ሬስቶራንት ይልቅ የጸዳ ነው።

ታዲያ ሥጋቱ ምንድን ነው ትሉኛላችሁ? ሥጋቱ አንድ ዓይነትነታቸው ላይ ነው። በሺህ ቅርንጫፍ የሚበላው ሽንኩርት ከአንድ መጋዘን ሲመጣ፣ መጋዘኑ ላይ የደረሰው ነገር ሺህ ገበታ ላይ ይደርሳል። በ2024 ጥቅምት ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ማክዶናልድስ ኳርተር ፓውንደር የሚለው በርገር ላይ የሚደረገው ጥሬ ሽንኩርት ያንኑ ኦ157 ሳያሰራጭ አልቀረም ተባለ። በ14 ስቴቶች 104 ሰዎች ታመሙ፣ 34ቱ ሆስፒታል ገቡ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ሰው ሞተ። ሥጋው በስሎ ነበር እኮ! ሽንኩርቱ ግን ተከትፎ መጣ፣ ጥሬውን ተበላ። ስለዚህ «ሥጋው በደንብ በስሏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሰላጣው፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ እሳት አያየውም። ከእርሻ እስከ ሳህን ድረስ ንጹሕ እጅና ቅዝቃዜ ብቻ ናቸው የሚጠብቁት።

አሁን ወደ እጁ ልሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሡኝ፤ ዛሬ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው።

በ2015 ታኅሣሥ ላይ ቦስተን በሚገኝ ቺፖትሌ የሚባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ገና ማናጀርነት በመለማመድ ላይ የነበረ ሠራተኛ እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ አስመለሰው። የኩባንያው ደንብ እንዲህ ያለ ሰው ወዲያው ወደ ቤቱ ይሂድ ይላል። ደንቡ ተጽፎ አለ። ነገር ግን ሥራህን ቀጥል ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ሠራተኛ ለቦስተን ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን የታዘዘውን ምግብ ሲያሽግ ረዳ። ከዚያ ቅርንጫፍ 141 ሰዎች ታመሙ፣ ከእነሱም መካከል ተጫዋቾቹ ነበሩ። በሽታው ኖሮቫይረስ ይባላል። ኩባንያው በዚህና በሌሎች ቦታዎች በደረሱ ተመሳሳይ ጉዳዮች ተከሶ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ።

ደንብ አልነበረም? ነበረ። ሥልጠና አልነበረም? ነበረ። ታዲያ ምን ጎደለ? «አሞኛል፣ ልሂድ» የሚል ሰው ሲመጣ «ሂድ» የሚል አለቃ ጎደለ።

ይህን ታሪክ ሳነብ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች የታወሰችኝ። የአገራችን ልጅ ናት። ስሟንም የሠራንበትንም ቤት አልጠራም። ሰው የሚበዛበት የዓርብ ማታ ሺፍት ነበር። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ግንባሯን አልቧት፣ በየአሥር ደቂቃው ወደ መጸዳጃ ቤት ትሮጣለች። ተመልሳ ጓንት ታደርግና ሰላጣ ትከትፋለች። ማናጀሩን ጠይቂው አልኳት። «ጠይቄዋለሁ፣ የሚተካሽ ሰው ካገኘሽ ሂጂ ብሎኛል» አለችኝ። ስልኳን ይዛ ለሰው ሁሉ ደወለች። ማንም አላነሳላትም። የዚያን ወር የቤት ኪራይ አልሞላላትም ነበር፤ አራት ሰዓት እንኳ ቢቆረጥባት አትችለውም። ከጎናችን አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ይሠራ ነበር፣ ነገር የማያበዛ ሰው። መጥበሻ ማገላበጫውን አስቀመጠና «እሷ ቤቷ እስክትሄድ እኔ ምግብ አልነካም» አለ። መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ትእዛዙ ስክሪኑን ሞልቶታል። እሱ እጁን አጣምሮ ቆመ። ማናጀሩም ፈቀደላት። አንድን ኩባንያ ከቅጣት የሚያድን ሥራ ነበር ያ ሽማግሌ የሠራው፣ ግን ማንም አላመሰገነውም።

ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። እባካችሁ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ በተለይ ምግብ ቤት የምትሠሩ። በሲያትል ከ2012 ጀምሮ፣ በመላው ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ሠራተኛ ሲታመም ደሞዙ ሳይቆረጥ የማረፍ መብት አለው። በስቴቱ ሕግ ቢያንስ በየ40 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀምላችኋል። ይህን ፈቃድ ስትጠቀሙ «ተተኪ ፈልገህ ካልሆነ» ብሎ ማስገደድ አይቻልም። በዚህ ምክንያት መቅጣትም አይቻልም። ቼካችሁ ላይ ስንት ሰዓት እንደተጠራቀመ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እዩት።

ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም፣ እጅ ላይ ያመረቀዘ ቁስል። እነዚህ አምስቱ ካሉባችሁ ለኃላፊው መናገር ግዴታችሁ ነው። ማስመለሱ ወይም ተቅማጡ ካቆመም በኋላ ቫይረሱ ወዲያው አይለቅም፤ እኔ ሁለት ሙሉ ቀን ሳይሞላ ምግብ አትንኩ ብዬ ነው የማሠለጥነው።

ስለ ጓንትም አንድ ነገር ልበል፤ ጓንት ሰውን ያታልላል። በጓንቱ ገንዘብ ይቀበላል፣ ስልኩን ይነካል፣ ቆሻሻ ይጥላል፣ በዚያው ጓንት ዳቦውን ያነሳል። ያልታጠበ እጅ ላይ የተደረገ ጓንትም ዋጋ የለውም። ያ በየኪሳችን የምንይዘው አልኮል ደግሞ ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድለውም። የሚያስለቅቀው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው፣ 20 ሰከንድ ያህል እየታሸ።

ከእጅ ሳንወጣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ገበታው እንለፍ። እኛ እኮ እጅ መታጠብን ከማንም የምንማር ሕዝብ አይደለንም! ቤታችን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው ምንድን ነው? የእጅ ውሃ ነው። ልጅ ሆነን ማስታጠቢያውን ይዘን፣ ፎጣውን ትከሻችን ላይ ጥለን፣ ከታላቅ ጀምረን እያጎነበስን ያስታጠብን ስንቶቻችን ነን? ሳይታጠብ ወደ መሶቡ የሚቀርብ ልጅ ምን ይገጥመው እንደነበር ታውቁታላችሁ። ታዲያ እዚህ በርገር ቤት ስንገባ ያ ሥርዓት የት ሄደ? ልጁ ትእዛዝ የሚሰጥበትን ትልቁን ስክሪን ይነካል። ከእሱ በፊት ስንት ጣት ነክቶታል? ቀጥሎ የመጠጥ ማሽኑን ይጫናል። ከዚያ ተቀምጦ ድንቹን በእጁ ይበላል። ጣቱንም ይልሳል። እባካችሁ፣ ከታዘዘ በኋላ፣ ምግቡ ሳይመጣ፣ ልጆቻችሁን አስነሥታችሁ አስታጥቡ። የአያቶቻችን ሥርዓት ነው።

ሌላው ጠላታችን ይሉኝታ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አክስቴን ዶሮ ጥብስ ቤት ወሰድኳቸው። ትንሽ ቆይቼ ሳያቸው የቀመሱትን ጭን በናፕኪን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ሊያስገቡ ነው። «ምን ሆኑ እቴቴ?» አልኳቸው። «ምንም የኔ ልጅ፣ ጠግቤ ነው» አሉኝ። ጥቅሉን ከፈት አድርጌ ሳየው ላዩ ጥርት ያለ ወርቃማ ነው፣ መሃሉ ግን በረዶው ገና ያለቀቀው ጥሬ። እሳቸው ግን «ልጆቹ አለቃቸው እንዳይቆጣቸው ብዬ ነው፣ ተወው» ይሉኛል። ይዤው ሄድኩ። በትሕትና አሳየኋቸው። የወጣው በሙሉ ተሰብስቦ ተመለሰ። የዚያን ቀን ዶሮ የወሰዱ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ እኮ። ጥሬ ምግብ መመለስ የሰው እንጀራ መዝጋት አይደለም፣ ከእናንተ ኋላ የተሰለፈውን ሕፃን መጠበቅ ነው። ቀለም ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ፤ የተፈጨ ሥጋ ሳይበስልም ሊጠቁር ይችላል። በቤታችሁ ስታበስሉ ቴርሞሜትር ግዙ። ለተፈጨ ሥጋ 160 ዲግሪ፣ ለዶሮ 165፣ በሴልሺየስ 71ና 74 መሆኑ ነው።

መግቢያው ላይ የሚለጠፈውን የፊት ሥዕልም ተመልከቱ። ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ከ2017 ጀምሮ በየምግብ ቤቱ በር ላይ የሚስቅ ወይም ያልሳቀ ፊት ይለጥፋል፣ አራት ደረጃ አለው። የአንድ ቀን ምርመራ ውጤት አይደለም፣ የመጨረሻዎቹ አራት ምርመራዎች ተደምረው የሚሰጥ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ አይጠይቅም። አንድ ኩባንያ ደግሞ በየቅርንጫፉ የተለያየ ፊት ሊኖረው ይችላል፤ ስሙን ሳይሆን ያንን በር እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ምግብ የምታደርሱ ሹፌሮችም እዚህ ብዙ ናችሁ። ትኩሱ ምግብ ከ135 ዲግሪ በታች፣ ቀዝቃዛው ከ41 በላይ ከሆነ ባክቴሪያው መራባት ይጀምራል። የሙቀት መያዣውን ቦርሳ አትናቁት። ያልታሸገ ጥቅል ከሰጧችሁ አሽጉልኝ በሏቸው።

አሁን አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ የሚችል ነገር ልናገር። ስለ በርገር ያልኩት ሁሉ ክትፎአችንንም ይነካል። ባህላችን ነው፣ እኔም የክትፎ አገር ልጅ ነኝ፣ ክብሩን አውቃለሁ። ጥሬ ሥጋ ሲነሳ ግን የምናስበው ኮሶን ብቻ ነው። «መድኃኒት አለው፣ ይወርዳል» እንላለን። የኮሶ ዕጭ ሥጋው በደንብ ሲቀዘቅዝ ሊሞት ይችላል፤ ኢ. ኮላይ ግን በፍሪዘር አይሞትም። የትናንሽ ልጆችን ኩላሊት ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ገዝታችሁ ለብ አድርጋችሁ የምታቀርቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ያ ፓኬት ውስጥ ያለው የአንድ በሬ ሥጋ አይደለም፣ የብዙ ከብት ቅልቅል ነው። ክትፎ የግድ ካሰኛችሁ ታማኝ ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ሙሉ ሥጋ አስቆርጡ፤ እሱም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ ግን ጥሬ አታጉርሱ። ፍቅራችሁን በበሰለ ጉርሻ ግለጹ። እለምናችኋለሁ።

ቢታመሙስ? ሰው ሁሉ የሚወቅሰው መጨረሻ የበላውን ነው። ኦ157 ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ነው የሚገለጠው። ስለዚህ የሳምንቱን ሁሉ አስታውሱ፤ ደረሰኙ ባይኖር የባንክ ካርዳችሁ መዝገብ አለ። የልጁ ተቅማጥ ደም ካለበት፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ፊቱ ከገረጣ ቤት አታቆዩት። የተቅማጥ ማቆሚያ መድኃኒት አትስጡት። ከአገር ቤት የመጣ አንቲባዮቲክም አትስጡት፣ በዚህ በሽታ ላይ ሊጎዳው ይችላል። ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ የሰገራ ምርመራ ይደረግለት በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። ለካውንቲው ጤና መሥሪያ ቤትም አሳውቁ። በ1993 ነገሩ የታወቀው ሐኪሞች ዝም ስላላሉ ነው። እናንተ ደውላችሁ የምትሰጡት አንድ ጥቆማ ከሌላ ሰፈር ከመጣ ሌላ ጥቆማ ጋር ሲገናኝ ነው ምንጩ የሚገኘው።

ጊዜዬ አልቋል፣ ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ቴርሞሜትሮች አምጥቻለሁ፤ በሻዩ ሰዓት ኑና በእጃችሁ ሞክሩአቸው። የምግብ ሠራተኛ ካርድ ያላወጣችሁ ወጣቶች ደግሞ ወደ እኔ ብቅ በሉ። ዋጋው 10 ዶላር ነው፣ ሥራ በጀመራችሁ በ14 ቀን ውስጥ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ሌላ ድረ ገጽ ገንዘባችሁን እንዳይበላ የመንግሥቱን አሳያችኋለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው … አዎ፣ ከኋላ በኩል እጅዎን ያወጡት አባቴ፣ ይቀጥሉ።